የተቃዋሚው ወንበር

ከአፓሜያ፣ በመስከረም መጀመሪያ

ቶኒስ ለአጎቱ ልጅ፣ ለእኅቱ ለታውሪስ። ከሁሉ በፊት ጤናሽን እመኛለሁ፤ በዚህ አገር አማልክት ፊትም ስለ አንቺ በየዕለቱ እሰግዳለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ጥቂት ከሚያመኝ በቀር የማማርረው ነገር የለም። ትምህርት ቤቱም ደኅና ነው፤ ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው።

የምጽፍልሽ ለጉዳይ ነው። በአይሁድና በክርስቲያኖች መጻሕፍት ላይ የጀመርኩት ሥራ ወደ ማለቁ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉ አሉ፤ አብዛኞቹ ግን መጻሕፍቱን ሳያነቡ ተሳድበው አለፉ። ሳያነቡ መሳደብ የገበያ ሴት ሥራ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንብቤአለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈጣሪ ብርሃንን በአንድ ቃል የጠራበት ቦታ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። ያን የጻፈ ሰው መጻፍ ያውቃል። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

የትምህርት ቤታችንን ሕግ ታውቂያለሽ፤ አባቴም በልጅነታችን በዚሁ ሕግ ነበር የሚያስተምረን። መጽሐፍ አለቀ የሚባለው ደራሲው ጮክ ብሎ ሲያነበውና በተቃዋሚው ወንበር የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ለሌላው ወገን ሲሟገት ነው። ተቃዋሚው የሚያምንበትን አይናገርም፤ የተሰጠውን ወገን ይዞ እስከ ጥርሱ ይከራከራል። የለዘበ ይባረራል።

እዚህ ያሉት ለዚህ ወንበር አይሆኑም። እኔን ደስ ለማሰኘት ቶሎ ይሸነፋሉ። አባቴ ግን ከሁለታችን አንቺን ነበር እዚያ ላይ የሚያስቀምጠው፤ እኔም ስንት ቀን እያለቀስኩ እንደወጣሁ አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ልኬልሻለሁ። ክርስቲያን ነኝ በዪና ተሟገቺኝ። እንዳታዝኚልኝ።

የደንገል ወረቀትም ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ቀለም ይመጥጣል፤ ሻጩ ደግሞ ሌባ ነው። ደኅና ሁኚ።


ከኦክሲሪንኮስ፣ በጥቅምት ማለቂያ

ታውሪስ ለወንድሟ ለቶኒስ። ጤና ይስጥህ። ጉልበትህን ማታ ማታ በሞቀ ዘይት እሸው፤ እንደማታሸው አውቃለሁ፤ ግን እሸው።

ጽሑፍህ ደርሶኛል። የገበያ ሴት ሳታነብ ትሳደባለች ላልከው፣ እኔ በፍታ ስሸጥ ኖሬአለሁ፤ ገበያ ውስጥ ዕቃውን ሳይነካ የሚሳደብ ወንድ ብቻ ነው። ሴት መጀመሪያ ትገልጠዋለች፣ ወደ ፀሐይ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ነው የምትሳደበው።

ወንዙ ዘንድሮ በደንብ ሞልቶ በደንብ ጎደለ፤ ገበሬው ደስ ብሎታል። ልጄን ሂራክስን ወንዙ ከወሰደብኝ ይህ ሦስተኛው ሙላት ነው። እስካሁን አልተገኘም። ያኔ የላክህልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ሣጥኔ ውስጥ አለ። በጣም ጥሩ ተጽፏል።

አሁን ወደ ወንበሬ። አምላካቸው የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ክፉና ደጉን እንዳያውቁ ከከለከላቸው ከአባት ይልቅ ቀናተኛ ጌታ ይመስላል ብለሃል። እነሱ እንዲህ ይሉሃል። እናት ልጇን «ወንዝ ዳር አትሂድ» ስትለው፣ ዋና ይማርብኛል ብላ ቀንታበት ነው? ገና ነህ ማለቷ ነው። ልጁ ግን ቀናችብኝ ይልና ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ እነሱ እባቡ ምሳሌ ነው ሲሉህ «በተረታችሁ ስላፈራችሁ እንቆቅልሽ አደረጋችሁት» ብለህ ትዘልፋቸዋለህ። ባለቅኔያችን ሁለቱን አማልክት ሲያመነዝሩ በሰው አልጋ ላይ በመረብ ሲያስይዛቸው ግን ምን ነበር ያስተማርከኝ? «ይህ የእሳትና የውሃ መዋሐድ ነው።» ወይ ምሳሌ ለሁላችሁም ይፈቀድ፣ ወይ ለማናችሁም።

ያ ሶርያዊው ተማሪህ ማሊኮስ፣ በምስር ሾርባ የተነሣ ከመላው ክፍል ጋር የተጣላው፣ አሁንም ይጨቃጨቃል? ስለ እሱ ከጻፍክልኝ ቆየህ። ደንገሉን ልኬአለሁ። ባሕሩ በብርዱ ወራት ለመርከብ ሳይዘጋ ይድረስህ።


ከአፓሜያ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ

ቶኒስ ለእኅቱ ለታውሪስ። ጤናሽን እመኛለሁ፤ በአማልክቱም ፊት እሰግድልሻለሁ። ያንቺ ሰላምታ ግን አጠረ፤ የአገራችንን አማልክት ረሳሻቸው እንዴ? መልእክተኛው ቸኩሎብሽ መሆን አለበት።

ባሕሩ እንደተከፈተ የመጀመሪያው መርከብ ደብዳቤሽን አመጣልኝ። ወደብ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ታውሪስ፣ ተናደድኩ! ስለ ምሳሌው ያልሽው ልክ ነው። አንድ ሚዛን ለእኔ፣ ሌላ ሚዛን ለእነሱ ይዤ ኖሬአለሁ። ክፍሉን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጎ ያናደደኝ የለም። አባቴ ቢኖር ደስ ይለው ነበር፤ በእኔ ሳይሆን በአንቺ።

ሁለተኛውን ክፍል ልኬአለሁ። ሁለት ነገር አለበት።

አንደኛው፣ የተሰቀለውን መምህራቸውን ታሪክ አራት ሰዎች ጽፈውላቸዋል። ሲሞት ምን ብሎ እንደጮኸ አይስማሙም። አንዱ የምሬት ጩኸት፣ ሌላው የአደራ ቃል፣ ሌላው ተፈጸመ አለ ይላል። የአንድን ሰው የመጨረሻ ቃል እንኳ መያዝ ያልቻለ ምስክር በቀረው እንዴት ይታመናል?

ሁለተኛው የምኮራበት ነው። አይሁድ ከጥንት ጀምሮ ስለ ነገሥታት መነሣትና መውደቅ ተናገረ የሚሉት ነቢይ አላቸው። ትንቢቱን ከታሪክ ጸሐፊዎች ጋር በተራ አነጻጸርኩት። ነቢዩ እስከ አንድ ንጉሥ ድረስ ሁሉን ያውቃል፤ ጋብቻውን፣ ጦርነቱን፣ ክህደቱን። ከዚያ ንጉሥ በኋላ ግን ድንገት ይሳሳታል፣ ንግግሩም ደመና ይሆናል። እንግዲህ ሰውየው የኖረው መቼ ነው? ማወቅ ባቆመበት ቦታ ነዋ! ትንቢት ሳይሆን ያለፈውን ነው የጻፈልን። ማንኛውንም ጽሑፍ እንዲህ አንብቢው። ዝርዝሩ የት ላይ እንደሚጠፋ እዪ፤ ጸሐፊው የቆመበትን ታገኚዋለሽ።

ስለ ሂራክስ የጻፍሽውን አይቻለሁ። ያኔ የላክሁልሽን መልሰሽ አንብቢው፤ በተለይ ሁለተኛውን ነጥብ። ተማሪዎቹ ደኅና ናቸው።


ከኦክሲሪንኮስ፣ በሰኔ አጋማሽ

ታውሪስ ለተወደደው ወንድሟ ለቶኒስ። በአንዱ አምላክ ፊት ስለ ጤናህ እጸልያለሁ።

ስለ ነቢዩ የምመልስልህ የለኝም። ደጋግሜ አየሁት፤ የተሳሳትክበትን አላገኘሁም። የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ የሚል ተቃዋሚን አባትህ አይወድም ነበር። ግን ዘዴህ ያስፈራል። በዚህ ዓይን የማንም ሰው ቃል ሊገለጥ ነው።

ስለ አራቱ ጸሐፊዎች ግን ስማኝ። በአንድ ወንዝ ዳር አራት ሰዎች ቆመው ነበር እንበል፤ አንድ ልጅ በጀልባው ጫፍ ላይ ሲዘል ወደቀ። አንዱ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ ይላል። አንዱ «አይ፣ ገመዱን ወርውሩልኝ ነው ያለው» ይላል። ሦስተኛው «እየሳቀ ነበር፣ ቀልድ መስሎን ነው የዘገየነው» ይላል። አራተኛው ምንም ድምፅ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። አራቱም ደኅና ሰዎች ናቸው፤ ማናቸውም ለመዋሸት ምክንያት የላቸውም። ልጁ ግን ሰምጧል። አራቱም አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነበር ተማክረው መጡ የምለው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ና። የአባትህ ቤት ሰገነት ባዶ ነው፤ ነፋሱ እንደድሮው ከሰሜን ይገባል። ትምህርት ቤቱን ለማሊኮስ ተውለትና ና። እኔም ማታ ማታ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ናፈቀኝ። እዚህ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ያዝንልኛል።


ከአፓሜያ፣ በነሐሴ መጨረሻ

ቶኒስ ለእኅቱ፣ ለታላቋ ተሟጋች ለታውሪስ። ጤናሽን እመኛለሁ።

ሰላምታሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። «በአንዱ አምላክ ፊት»! ወንበር መያዝ ማለት እንዲህ ነው! ሰላምታውን ሳይቀር የእነሱን ለበሽው። እዚህ የነበሩት ልጆች ከእግርሽ ሥር ቁጭ ብለው በተማሩ ነበር።

የወንዙ ዳር ምሳሌሽም ግሩም ነው። አራት ሰው፣ አራት ቃል፣ አንድ ሞት። ከየት አመጣሽው? ሙግቴን አላፈረሰውም፤ ግን አቁስሎታል፤ አምስት መስመር ጨምሬ ነው ያዳንኩት።

አሁን ለመምጣት አይመቸኝም፤ ሥራው መጨረሻው ላይ ነው። የላክሁልሽ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ስለ ሙታን መነሣት። ይህን የሚመልስ ክርስቲያን ገና አልተወለደም። አንድ ሰው በውሃ ሰመጠ እንበል። ዓሣ በላው። ዓሣውን አጥማጁ ያዘና በላው። አጥማጁ በተራው መንገድ ላይ ሞተ፤ ውሻ በላው። ውሻውን አሞራ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም በየሥጋው ይነሣል ሲባል ያ የመጀመሪያው ሰው ከየት ተለቅሞ ነው የሚነሣው? ከዓሣው? ከአጥማጁ ጎን? ከአሞራው ክንፍ? ለእሱ ሲመለስለት ለአጥማጁ ይጎድላል። ለአጥማጁ ሲሞላለት እሱ ጎደሎ ይነሣል። አምላክ ሁሉን ይችላል ይሉሻል። አንድን ጉርሻ ለሁለት ሰው ሙሉ አድርጎ መስጠትን ግን አምላክም አይችለውም።

በይ፣ ቀበቶሽን ጠበቅ አድርጊና ነይ።


ከአፓሜያ፣ በኅዳር

ቶኒስ ለታውሪስ። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ መጣ፤ ካንቺ ምንም የለም። ካመመሽ ንገሪኝ። ክርክሩ ከብዶሽ ከሆነም ንገሪኝ፤ መሸነፍ አያሳፍርም፤ ዝም ማለት ነው የሚያሳፍረው። ደንገሉ አልቆብኝ በአሮጌ ጽሑፍ ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው። ይህን ደብዳቤ በየብስ የሚሄድ የግመል ነጋዴ አግኝቼ ነው የላክሁት፤ የጠየቀኝን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። ታውሪስ፣ መልሺልኝ።


ከኦክሲሪንኮስ፣ በመጋቢት ማለቂያ

ታውሪስ ለወንድሟ ለቶኒስ፤ የክርስቶስ ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። በዚህ ሰላምታ አትሳቅ። የምሬን ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍህ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ፋሲካ ተጠምቄ ነበር። ስለዚህ በወንበሩ ላይ አስመስዬ አልተቀመጥኩም። «ክርስቲያን ነኝ በዪ» ብለህ ስትጽፍ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወደብ ላይ ቆመህ እንዳነበብከኝ ጻፍክልኝ። አቃተኝ። ካወቅህ መጻፍ ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ።

ስለ ዓሣው ልንገርህ። በከተማችን ለሴቲቱ አምላክ የተቀደሰውን ሹል አፉን ዓሣ ማንም በአፉ እንደማያዞር፣ በስሙም እንደምንምል አልረሳህም። ክርስቲያኖቹ ግን ይበሉታል። አዲስ የተጠመቀ ሰው ሲመጣ በማዕድ ላይ እሱኑ ያቀርቡለታል፤ የድሮውን መተውህን በአፍህ አሳየን ማለታቸው ነው። ለእኔም አቀረቡልኝ።

«እትዬ ታውሪስ፣ ቅመሺው እንጂ» አለችኝ የዲያቆኑ ሚስት።

«አልችልም።»

«ኧረ እሾሁን አውጥቼልሻለሁ! ወይስ የድሮዋ አምላክሽ ትቆጣሻለች?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «ውሃው ነካት እንጂ ገና አልራሰችም» አለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ በጎን ያዩኛል።

ምን ልበላቸው? የትኛው ዓሣ ልጄን እንደበላው አላውቅም። ስለዚህ አንዱንም አልበላም። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ስለ ሙታን መነሣት የጻፍከው ክፍል የመጣው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ አነበብኩት። ወንድሜ፣ አንተ በአንድ ቀን የቀጠልከው ሰንሰለት ልጄ ከሰመጠ ጀምሮ በእኔ አንገት ላይ ነው። አንተ «አጥማጁ» ትላለህ። እኔ የአጥማጁን ስም አውቀዋለሁ። ከፊት ለፊቴ ነው የሚሸጠው፤ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ እኔም «ደኅና» እለዋለሁ፤ ቅርጫቱን ግን አላይም። ያ አራት ሰው የቆመበት ወንዝ ዳርም ምሳሌ አልነበረም። «ከየት አመጣሽው» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።

የቀድሞ አማልክታችን ካህናት ወንዝ የወሰደው የተቀደሰ ነው፣ አታልቅሺ አሉኝ። አንተ ሥጋ የነፍስ ልብስ ነው፣ አታልቅሺ አልከኝ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ አልቅሺ፣ ግን ይገኛል አሉኝ። እንዴት እንደሚገኝ አላውቅም። ሙግትህን መመለስ አልችልም፤ ለዲያቆኑም አሳየሁት፤ ፊቱ ቀልቶ ጽሑፉን እንዳቃጥለው መከረኝ። አላቃጠልኩትም። ይገኛል ያሉኝ ግን እነሱ ብቻ ናቸው፤ እኔም ሄድኩ።

አሁን ያንተ ተራ ነው። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ በነቢዩ ዘዴ አነበብኳቸው። ድሮ ማሊኮስ ምን እንዳለ፣ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን የማንን ጫማ እንደደበቀ ትጽፍልኝ ነበር። ከአንድ የበልግ ወር ጀምሮ ያለው «ተማሪዎቹ ደኅና ናቸው» ብቻ ነው። አንድ ጊዜማ ረስተህ «እዚህ የነበሩት ልጆች» ብለሃል። ቶኒስ፣ አዳራሹ ውስጥ ማን አለ?

ና። ስለ አማልክትህ የሚጠይቅህ የለም፤ ቢጠይቅህም መልስ አታጣም። እኔ በሕይወት እያለሁ ብቻህን አትሙትብኝ።


ከአፓሜያ፣ በሰኔ መጀመሪያ

ቶኒስ ለእኅቱ ለታውሪስ። ጤናሽን እመኛለሁ።

ተቆጥቻለሁ። ብዙ የቁጣ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ሁሉም በደንብ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱንም አልላክሁም። የሚያምን ሰው በወንበሩ ላይ መቀመጡ በሕጋችን ማጭበርበር ነው። እኔም እስከ ዛሬ በመጽሐፌ ላይ የሰማኋቸው የበረቱ ተቃውሞዎች ሁሉ ከልብ የተነገሩ መሆናቸውን አሁን ነው ያወቅሁት። ይህ የበለጠ ያናድደኛል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። መጨረሻ የወጣው ማሊኮስ ነው። መጽሐፎቹን ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆመና «መምህር፣ ሁልጊዜ ልክ ነዎት» አለኝ።

«እንግዲያስ ለምን ትሄዳለህ?»

«ደከመኛ! አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው ቢያሳዩን ኖሮ…»

«መሳሳት ስትፈልግ ገበያ ሂድ» አልኩት። ሄደ። አሁን አንጾኪያ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው ይባላል። ክርስቲያን እንኳ አልሆነም፤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምጽፍበት ነገር ይሰጠኝ ነበር።

ደብዳቤሽ ከመጣ በኋላ መጽሐፉን ብቻዬን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሰሚ ባይኖርም ሕግ ሕግ ነው፤ ባዶ ወንበር ደግሞ አያንጎላጅም። ስለ ሙታን መነሣት ያለውን ክፍል ከፈትኩ። «አንድ ሰው በውሃ ሰመጠ እንበል» የሚለውን አነበብኩ። የሚቀጥለው ቃል አልወጣ አለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና እዚያው ላይ ቆምኩ። እንበል! እኔ እዚህ ተቀምጬ እንበል እያልኩ ስጽፍ፣ በአንቺ ቤት ሆኖ ነበር። ነግረሽኝ ነበር። በወንዙ ሙላትና በበፍታው ወሬ መካከል በግልጽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ ግን አልፌው ወደ ክርክሩ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነብባለሁ ብዬ የምመጻደቅ ሰው!

ሙግቱ ልክ ነው። አንቺን ለማጽናናት ልክ አይደለም ብልሽ ትንቂኛለሽ። ሙታን ይነሣሉ ብዬም አላምንም። ግን ጮክ ተብሎ ያልተነበበ መጽሐፍ አላለቀም፤ የእኔም አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም።

ለመምጣትም ቃል አልሰጥሽም። አዳራሹን ከዘጋሁት ዳግመኛ የሚከፍተው የለም፤ ቁልፉን የምሰጠው ሰው እስካገኝ እጠብቃለሁ፤ ማንም እንደማይመጣ ባውቅም። ይህ ግትርነት ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ልጅሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ገና ይድህ ነበር፤ የመጽሐፍ ጥቅልል ዳር አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያኝክ አገኘሁትና ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ስሙንና መሞቱን ነው። ያን የማጽናኛ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ስለ እሱ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ስለ ሞት በጠቅላላው ጻፍኩ።

ስለዚህ አሁን ጻፊልኝ፤ ሙግት አይደለም የምለምንሽ። ሂራክስ ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ምን ነበር የሚያስቀው? ስትቆጪው አፍ ይመልስልሽ ነበር ወይስ ያኮርፍ ነበር? ድምፁ ጎርንኖ ነበር? ፊደል ማን አስቆጠረው? ይህንንም ያንንም ብለሽ አትምረጪ፤ ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊው፤ ቢደጋገምም ግድ የለኝም።

ዕድሜው ስንት እንደነበረም አላውቅም። እሱንም ጻፊልኝ። ደኅና ሁኚ።